ትምህርት አይቋረጥ! የማን?

በ2013 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢያንስ 30 ኤምባሲዎችና ቆንስላዎች መዘጋት አለባቸው ሲሉ፣ ብዙ ዲፕሎማቶቻችን ሻንጣቸውን ማሰር ጀመሩ። ልጆቻቸውስ?

በ1961 (እ.ኤ.አ.) የቪየና ስምምነት የዲፕሎማት ቤተሰብ መብት ከሹመቱ ጋር ያበቃል። መውጫ ግን አለ። ካናዳን ውሰዱ፤ የዲፕሎማት ልጅ ወላጁ ሥራ ላይ እስካለ ያለ ተማሪ ፈቃድ ይማራል፤ ሥራው ሲያበቃ እዚያው ሆኖ ፈቃዱን ይጠይቃል። አሜሪካም የዲፕሎማት ቤተሰብ ቪዛን ወደ ተማሪ ቪዛ የመለወጫ መንገድ አላት። የጀመረ ልጅ ትምህርቱ አይቋረጥበት ነው ነገሩ።

እንስማማለን! ከልጆቹ ጋር ጠብ የለንም። ጠባችን መርሁ ቦሌን አልፎ ሲሪንቃ ባለመድረሱ ነው።

በዚያው ክረምት ጦርነቱ ሰሜን ወሎን አዳረሰ። በመርሳና በወልድያ መካከል ያለችው ሲሪንቃም አልቀረላትም። የአካባቢው የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች አገር ሲፈተን ቀርተው በሁለተኛ ዙር ተፈተኑ። በስደትና በሰቀቀን ያለፉትን ወራት ማን መለሰላቸው? ውጭ መማር ያማረው የሲሪንቃ ልጅማ አዲስ አበባ ወርዶ ኤምባሲ በር ላይ ይሰለፋል፤ አባቱ በሕልሙም ያላየው ገንዘብ ያለበት የባንክ ደብተር አምጣ ይባላል።

ዲፕሎማቱን ውጭ ያኖረው የሕዝብ ገንዘብ ነው፤ የሲሪንቃ ማሽላ አምራች ግብርም አለበት። እንግዲያው ሁለት ነገር እንጠይቃለን፦ ጦርነት ላቋረጠባቸው የማካካሻ ትምህርት ይሰጥ፤ ከውጭ መንግሥታት የሚመጣ ነፃ የትምህርት ዕድልም በየወረዳው ይለጠፍ።

አይቋረጥ ካልን፣ የማንም አይቋረጥ!