አምስት ዋት ይበቃናል

ባለፈው እሑድ አንድ ፎቶ ለጥፌ ነበር። ክዳን የሌለው የቆርቆሮ ሳጥን፣ በላዩ ሁለት የመስታወት ቱቦ፣ ከጎኑ አንድ ስፒከርና የእህቴ ልጅ ጊታር። «እቤት የሠራሁት የጊታር አምፕሊፋየር፣ አምስት ዋት» ብዬ ጻፍኩበት። ከዚያ የመጣውን ኮሜንት አይታችኋል። ግማሹ ሳቀ፤ ሳቅ ጤና ነው፣ አልከፋኝም። አንዱ ግን፣ እዚሁ ሰቆጣ ፊዚክስ ያስተማርኩት፣ ዛሬ ባሕር ዳር ጥሩ ቦታ ላይ ያለ ልጅ፣ «ቲቸር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ዋግ ውሃና እህል አጥቶ እርስዎ በሙዚየም ዕቃ ጊታር ያስጮሃሉ?» ብሎ ጻፈ። ሰማንያ ምናምን ሰው ላይክ አደረገው። ስማችሁን አይቻለሁ፤ ግማሾቻችሁን አስተምሬአለሁ።

ስለዚህ ዛሬ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ። ቡና የምታፈሉ አፍሉ።

መጀመሪያ ዕቃው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ደሴ ይኖር የነበረ አጎቴ ትቶልን የሄደ የድሮ ሬዲዮ አለ። ስታበሩት ዝም ብሎ ቆይቶ ቀስ እያለ የሚሞቀው፣ ጣቢያ ሲይዝ አረንጓዴ ዐይኑ የሚጠበው ዓይነት። ዕድሜያችሁ ገፋ ያለ ታውቁታላችሁ። እንጨቱን ምስጥ ጨርሶታል። ውስጡ ግን ኢኤል 84 የሚባለው ቱቦ በሕይወት ነበር። ይኼ ቱቦ በፈረንጆች 1950ዎቹ አውሮፓ ውስጥ በየሬዲዮው ይገባ የነበረ ነው። ያው ራሱ ቱቦ፣ አራት ሆኖ፣ ቢትልሶች በተጫወቱበት በእንግሊዙ ቮክስ ኤሲ 30 አምፕሊፋየር ውስጥ አለ። የአጎቴ ሬዲዮና የቢትልሶች አምፕሊፋየር የሥጋ ዘመድ ናቸው ማለት ነው።

አሠራሩ ደግሞ በጣት የሚከተሉት ነው። ውስጡ ያለው ክር ይግላል፤ ከጋለው ብረት ኤሌክትሮን ይተናል፤ 250 ቮልት ወዳለበት ሰሌዳ በባዶው ውስጥ ይሮጣል። መሐል ላይ እንደ ወንፊት ያለች ግሪድ ተተክላለች። የጊታሩ ክር የሚሰጠው ትንሽ ቮልቴጅ፣ በአንደኛው ቱቦ ከፍ ካለ በኋላ፣ እዚህች ግሪድ ላይ ሲያርፍ ያንን ሁሉ ጎርፍ ይከፍታል፣ ይዘጋል። መስኖ ያጠጣ ሰው ይገባዋል፤ ቦዩን በአንድ አካፋ አፈር እንደ መግታትና እንደ መልቀቅ ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ይህንን እኔ ለስንት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ አስተምሬዋለሁ! በድሮው የ10ኛ ክፍል ፊዚክስ መጽሐፍ፣ የኤሌክትሮኒክስ መግቢያ በሚለው ምዕራፍ ውስጥ ቫኪዩም ቱቦ ነበረበት። «ቴርሚዮኒክ ኢሚሽን ምንድን ነው?» ስላችሁ በአንድ ድምፅ ትመልሱልኝ ነበር። ለማትሪክ ይወጣላ! እኔ ራሴ ግን አንድም ቀን ቱቦ በእጄ ይዤ አላውቅም ነበር። ከነበርኩባቸው ትምህርት ቤቶች በአንዱ ቤተ ሙከራው ተቆልፎ፣ ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ ሳይታወቅ ዓመቱ አለቀ። አላፈርኩም ያኔ። ያፈርኩት ባለፈው ክረምት ነው፣ ያንን ሬዲዮ ስከፍት፣ በመምህርነት ዕድሜዬ ሁሉ ስላወራሁለት ነገር ከየት እንደምጀምር ሳላውቅ ስቀር።

በጣም ያደከመኝ የድምፅ ትራንስፎርመሩ ነው። የሬዲዮው ተቃጥሎ ስለነበር አዲስ መጠቅለል ነበረብኝ። ቱቦው ከፊቱ 5000 ኦም ገደማ ማየት ይፈልጋል፤ ስፒከሩ 8 ኦም ነው። 5000ን ለ8 ስናካፍል 625፤ የ625 ስኩዌር ሩት 25። ስለዚህ በአንዱ በኩል 2500 ዙር ከሆነ በሌላው 100። ፈተና ላይ ባወጣው ሁለት ማርክ ነው፣ በሁለት መስመር ትጨርሱታላችሁ። በእጅ ግን ከፀጉር ትንሽ የሚወፍር ሽቦ 2500 ጊዜ ሳታቋርጡ ማዞር ነው። መጀመሪያ 1800 አካባቢ ስደርስ ተበጠሰ። ገበያው አጠገብ ዲናሞ የሚጠቀልሉ አንድ ትልቅ ሰው አሉ፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ተሸክሜ ሄድኩ። አዩትና «መምህር፣ አንተ ጎትተኸው እንጂ ሽቦው ምን አጠፋ?» አሉኝ። መጠቅለያቸውን አውሰውኝ፣ አጠገባቸው ተቀምጬ እንደ ልጅ ተማርኩ። እሳቸው ከስምንተኛ ክፍል አላለፉም።

ጠቅልዬ ስጨርስም ድምፁ የጉንፋን ሆነ። ለካ በዚህ ዓይነት አምፕሊፋየር ሽቦው ውስጥ ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄድ ከረንት አለ፤ ብረቱን በማግኔት ያጠግበዋል። መፍትሔው በብረቶቹ መሐል ቀጭን ወረቀት አስገብቶ ክፍተት መተው ነው። ወረቀት! ከተማሪ ደብተር ቀድጄ አስገባሁ፤ ድምፁ ተከፈተ። ይኼ በማስተምርበት መጽሐፍ ውስጥ የለም።

ባሕር ዳር ያለኸው ልጄ፣ አሁን ላንተ ነው። ውሃና እህል አልክ። በ2016 ዓ.ም. ድርቁ እዚህ ምን እንዳደረገ ለእኔ አትነግረኝም፤ በጦርነቱም ጊዜ መብራቱ ጠፍቶ ስንት ወር በጨለማ እንዳመሸን አትነግረኝም። እዚሁ ነበርኩ። ግን አንድ ያየሁትን ልንገርህ። አንድ ቀበሌ ውስጥ የውሃ ፓምፕ ቆመ። ሴቶቹ ጀሪካን አዝለው ወደ ወንዝ ተመለሱ። «ባለሙያ ይመጣል» ተብሎ ወራት ተጠበቀ። ሲከፈት የጄኔሬተሩ ጥቅል ነው የተቃጠለው፤ ሌላ ምንም አልሆነም። ያ ጥቅል ከእኔ ትራንስፎርመር በምን ይለያል? ሽቦው ይወፍራል፣ አለቀ። እኔ፣ ዲግሪ ያለኝ የፊዚክስ መምህር፣ ያኔ ብጠራ አጠገቡ ቆሜ የፋራዴይን ሕግ ከመተንተን በቀር የምሠራው አልነበረኝም። አንተም ያው ነህ፤ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። ያላለቀ፣ የሚከፈት፣ ቢበላሽ ማንንም የማይጎዳ ትንሽ ዕቃ ላይ እጁን ያላፍታታ ሰው ፓምፑ ላይ አይጀምርም። ጊታሩ ምክንያት ነው። በርግጥ የእህቴ ልጅ «ምክንያት» መባሉን አይወድም፤ እሱ መጫወት ነው የሚፈልገው፣ ልክ ነው።

«አምስት ዋት እኮ አምፖል ነው» ያላችሁት ደግሞ ተሰለፉ። ጆሮ ዋት አይቆጥርም። ኃይሉን አሥር እጥፍ ብታደርጉት ድምፁ ለጆሮ የሚጨምረው እጥፍ ያህል ብቻ ነው። አምስት ዋትና ሃምሳ ዋት ልዩነታቸው ይኼ ነው። ጥሩ የጊታር ስፒከር በአንድ ዋት፣ አንድ ሜትር ላይ፣ ከ95 ዴሲቤል በላይ ይሰጣል፤ በአምስት ዋት ሰባት ይጨምራል። ሳሎን ውስጥ ጎረቤት ያስነሳል፤ አስነስቷልም። እናንተ የለመዳችሁት ካርቶኑ ላይ «1000 ዋት» ተብሎ የሚሸጠውን ነው፤ ውስጡን ከፍታችሁ ብታዩ ያንን ዋት የሚያወጣ ትራንስፎርመር አታገኙም።

ሠርግ ላይ የምንቆልለው ሞንታርቦስ? (ሞንታርቦ የጣሊያን ፋብሪካ ስም ነው፤ እኛ ትልቅ ስፒከር ሁሉ ሞንታርቦ አልነው።) ባለፈው የሄድኩበት ሠርግ ላይ በኽምጣና የሚዘፍን ልጅ ነበር፣ ክራር ይዞ። የሚለው ቃል አልተሰማም፤ ክራሩም አልተሰማም፤ አባቶች ጆሯቸውን ይዘው ወደ ውጭ ወጡ። ባቲና አምባሰል የወሎ አገር ስም ነው፣ ዋግም የወሎ አውራጃ ነበረች፤ ያንን ቅኝት የሚለየው ጆሮ የተሠራው እዚህ ነው። ደረት በሚመታ ጩኸት ውስጥ ባቲን ከትዝታ የሚለይ ካለ ይምጣ። ክራሩን በእኔዋ ሳጥን ሞከርነው። የናይሎን ክር ማግኔት አይሰማውም፤ ከተበላሸ የልጆች መጫወቻ የወጣች ፒዞ ቁራጭ ቆዳው ላይ ለጠፍን። ፒዞ በትንሽ ሬዚስታንስ ላይ ሲሰካ ይታፈናል፤ የቱቦዋ መግቢያ አንድ ሜጋኦም ስለሆነ ነፃ ለቀቀችው። ስድስቱም ክር ተሰማ። እናቴ ከጓዳ ወጥታ ቆማ ሰማች።

በእኔ ላይ ሊባል የሚገባውን ደግሞ እናንተ ሳትሉት ልበለው። ቱቦ አባካኝ ነው፤ ክሩን ለማጋል ብቻ አምስት ዋት ያህል ይበላል፣ ሰሌዳው ላይ ሌላ አሥራ ሁለት ያቃጥላል፣ ድምፅ ሆኖ የሚወጣው አምስት። መብራት በጠፋ ቀን የቤት ዕቃ ነው፤ በ12 ቮልት ባትሪ የሚሠራ የትራንዚስተር አምፕሊፋየር ለገጠር ቀበሌ በብዙ ይሻላል፣ ቀጥሎ የምሠራው እሱን ነው። ቱቦው ደግሞ ይገድላል። አልቀልድም። ሶኬቱን ነቅዬ፣ ተማምኜ፣ እጄን ሰደድኩ፤ ካፓሲተሩ ውስጥ የቀረው ቮልት እስከ ትከሻዬ መታኝ፣ ሻዬ ግድግዳ ላይ ተደፋ። አሁን ካፓሲተሩን የሚያፈስ ሬዚስተር ገጥሜበታለሁ፣ ስለካ አንድ እጄ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ተማሪ ደግሞ ክዳኑ ተከፍቶ ሳለ አያስጠጋውም። «ታዲያ ለምን ከዚህ ጀመርክ?» ለምትሉኝ፣ እቤት የነበረው እሱ ስለሆነ ነው። አዲሱ ዕቃ አንድ ጥቁር ቺፕ ነው፤ ሲበላሽ ይጣላል። እዚህ ግን ክሩ ሲግል ይታያል፣ ምዕራፉን እያየሁት ነው የማነበው።

ተከዜ ላይ 300 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ግድብ በ2002 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ሐይቁ የዋግን ቆላ ይነካል። ዳሩ ላይ ያለ ብዙ ቤት ዛሬም በሶላር መብራት ነው የሚያመሸው። እና ስለ ዋት ብዛት ለዋግ ሰው አታስተምሩ።

የድሮ ሬዲዮ ቤታችሁ ያለ፣ ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት ፎቶ ላኩልኝ። እናንተ ግን እንዳትከፍቱት፤ አንዳንዱ ሬዲዮ ትራንስፎርመር የለውም፣ የብረት መሠረቱ ራሱ 220 ቮልት ይይዛል። የሚሠራ ቱቦ አምፕሊፋየር ያላችሁ ደግሞ ስፒከር ሳታገናኙ አታብሩት፣ ትራንስፎርመሩን ታቃጥሉታላችሁ፣ ከዚያ 2500 ዙር።

አንተ የባሕር ዳሩ፣ ለሻደይ መምጣትህ አይቀርም፤ ቤት ና፣ ቡናው አለ፣ ክራሩም አለ። ስትመጣ የ0.15 ሚሊሜትር ሽቦ ካገኘህ ሩብ ኪሎ ይዘህልኝ ና። ዋጋውን እከፍልሃለሁ።