«ኋላ ይደርስበታል» እስከ መቼ?

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በሥራ ላይ ሲውል ግን እምብዛም አናይም። በዚህ ጽሑፍ ልናነሳ የፈለግነው ዛሬ መክፈል የሚገባንን ለነገ የማስተላለፍ ልማዳችንን ነው።

ለማስተማር ልምምድ ከሄድንባቸው ትምህርት ቤቶች በአንዱ፣ ሁለተኛ ክፍል ያለ ልጅ ከራሱ ስም በቀር አንድ ቃል ማንበብ አልቻለም። ለክፍሉ መምህር ነገርናቸው። «ኋላ ይደርስበታል፤ ሦስተኛ ክፍል ሲገባ ይገባዋል» አሉን። እኛም «እሺ» ብለን ወደሚቀጥለው ገጽ አለፍን። ስለዚህ ሂሱ ከራሳችን ይጀምራል።

ነገሩ የአንድ ክፍል ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያሉ ልጆች ሳይወድቁ እንዲያልፉ ሲደረግ፣ የታሰበው መምህሩ በተከታታይ ምዘና የደከመውን እየለየ እንዲደግፍ ነበር። ማሳለፉ ሥራ ላይ ዋለ፤ ድጋፉ ግን በብዙ ቦታ ለነገ ተባለ። በ2002 ዓ.ም. በተካሄደ የንባብ ጥናት ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ አንድ ቃል እንኳ በትክክል ማንበብ አልቻሉም። በተከታዩ መስከረም አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ፣ ሳይደግም ከሄደ፣ 12ኛ ክፍል የሚደርሰው በ2014 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ብሔራዊ ፈተና ከ896,520 ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909፣ ማለትም 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። «ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች በጥብቅ ቁጥጥር ስለተሰጠ ነው» የሚሉ አሉ። ይሁን። ቁጥጥሩ ግን ዕዳውን ገለጠው እንጂ አልፈጠረውም።

ዕዳ ካልን ዘንድ፣ አገርም እንዲሁ ናት። በኅዳር 2007 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በ10 ዓመት የሚከፈል 1 ቢሊዮን ዶላር በቦንድ ተበደረች። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ መክፈያው ደርሶ ሳይከፈል ቀረ። መበደር በራሱ ነውር አይደለም። ነገር ግን ሩቅ የመሰለ ቀን መድረሱ አይቀርም።

የካፋ ገበሬ ይህን ሂሳብ ከኛ በፊት ያውቀዋል። ያረጀ ቡና ምርቱ እየቀነሰ ይሄዳል። መድኃኒቱ ጉንደላ ነው፤ ይኸውም ግንዱን ዝቅ አድርጎ ቆርጦ አዲስ ቀንበጥ እንዲያወጣ ማድረግ ነው። ታዲያ የተጎነደለው እስኪያፈራ ሁለት ዓመት ያህል ባዶ እጅ ያስቀምጣል። ስለዚህ «የዘንድሮውን ልልቀምና በሚመጣው ዓመት» ይባላል፤ በሚመጣውም ዓመት እንዲሁ። ይህን የሚል ሰው ሰነፍ አይደለም፤ የልጆቹን ደብተር የሚገዛው በዚያው ቡና ነው። ብልሁ ግን ማሳውን ከፋፍሎ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂቱን ይጎነድላል።

በገበሬውና በኛ መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። እሱ ቢያስተላልፍ ጉዳቱን ራሱ ያየዋል። መምህር ሲያስተላልፍ ግን የሚከፍለው ልጁ ነው፤ ያውም ማንም ሳይጠይቀው።

ስልሳ ሰባ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ሁሉንም በአንድ ቀን ማቃናት እንደማይቻል እናውቃለን። የሚቻለው ግን ይህ ነው። ክፍል በተረከብን በመጀመሪያዎቹ ሳምንቶች እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው እናስነብብ። ያልቻሉትን ስማቸውን እንመዝግብ። በየቀኑ ለጥቂቶቹ ግማሽ ሰዓት እንስጥ። ክፍሉን ስናስረክብም ዝርዝሩን አብረን እናስረክብ፤ ዕዳ ተደብቆ አይተላለፍ።

ይህ ዋጋ አለው። ከዓመቱ ዕቅድ ወደ ኋላ እንቀራለን፤ «ምዕራፉን ለምን አልጨረስክም?» እንባላለን። ቢባልም እንቀበለው። የክፍል ጓደኞቻችን ምን ትላላችሁ? መምህሮቻችንስ? መልሳችሁን በዚሁ ሰሌዳ እንጠብቃለን። አደራ፣ ለሚቀጥለው ሴሚስተር እንዳታስተላልፉት!