ሦስት ስፖርት ለአንድ አሰልጣኝ፣ አንድ ስፖርት ለሦስት ጌታ!

ለመሆኑ አሰልጣኝ የሚያድረው ለማን ነው? ደመወዝ ለሚቆርጥለት መሥሪያ ቤት? ውድድር ለሚያፈላልገው ማናጀር? ወይስ ላቡን ጠብ ለሚያደርገው አትሌት? ጥያቄው ተራ ይመስላል። ነገር ግን የአትሌቲክሳችንን ጓዳ ከዓመት ዓመት የሚያምሰው ንትርክ ቅርፊቱ ቢላጥ ውስጡ ይኸው ጥያቄ ነው። መልሱን ለማግኘት ደግሞ አንዳንዴ የራስን ደጅ ትቶ የጎረቤትን አጥር ማየት ይጠቅማል። እናም ዛሬ ትራያትሎን ወደሚባለው ስፖርት ጎራ ብለን እንመለስ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ቆጥረናል።)

ትራያትሎን ማለት ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ በአንድ ትንፋሽ ተከታትለው የሚሠሩበት ውድድር ነው። ኦሎምፒክ ውስጥ የገባው በ2000 በሲድኒ ሲሆን፣ ተወዳዳሪው 1,500 ሜትር ዋኝቶ፣ 40 ኪሎ ሜትር ብስክሌት ነድቶ፣ 10 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ‹‹አይረንማን›› የሚሉት ረጅሙ ደግሞ 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ በላዩ ላይ ሙሉ ማራቶን ነው። በ1978 ሃዋይ ውስጥ ሲጀመር 15 ሰዎች ተነሥተው የጨረሱት 12 ብቻ ነበሩ። አንደኛ የወጣው ጎርደን ሃለር 11 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ ፈጅቶበታል። ‹‹የጤና ነው?›› ያሰኛል። ዛሬ ግን አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ ሐኪሙም፣ መምህሩም፣ የባንክ ጸሐፊውም ከኪሱ ከፍሎ፣ የግል አሰልጣኝ ቀጥሮ የሚዘጋጅበት ስፖርት ሆኗል።

ለምን ይቀጥራል? ገንዘብ ስለተረፈው? አይደለም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ስፖርቱ ሦስት ነው፣ ገላው ግን አንድ ነው። የዋናው አሰልጣኝ ‹‹በሳምንት አምስት ጧት ገንዳ ውስጥ እፈልግሃለሁ›› ይላል። የብስክሌቱ ‹‹ቅዳሜ አምስት ሰዓት መንዳት አለብህ›› ይላል። የሩጫው ደግሞ ‹‹እሑድ 30 ኪሎ ሜትር ትወጣለህ›› ይላል። ሦስቱም ልክ ናቸው፤ ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ሰውዬውን ሆስፒታል ያስተኙታል። ስለዚህ ሦስቱን ዕቅድ አንድ ወረቀት ላይ የሚያወርድ፣ አንዱን ሲያጠብቅ ሌላውን የሚያላላ፣ አንድ ጭንቅላት ያስፈልጋል። ጎበዝ የትራያትሎን አሰልጣኝ ገና ከመጀመሪያው ‹‹ስንት ሰዓት ትተኛለህ? ሥራህ ምንድነው? ልጅ አለህ? የትኛው ጉልበትህ ነው የሚያምህ?›› ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ የሳምንቱን ፕሮግራም ይጽፋል። በየቀኑ የልብ ምቱን፣ የብስክሌቱን ኃይል፣ እንቅልፉን እያየ ፕሮግራሙን ይሰርዛል፣ ይደልዛል። ውድድሩ ሲቃረብም ይቀንስለታል። የአሰልጣኝ ትልቁ ሥራ መጨመር ይመስለን ይሆናል፤ መቀነስ ነው! ‹‹ዛሬ ተኛ›› የሚል አሰልጣኝ ነው ደመወዙን የሚበላው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሉ የለ?

ኖርዌዮችን እንይ። ክርስቲያን ብሉመንፌልት በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሎምፒክ በትራያትሎን ወርቅ ወሰደ። በ2022 ደግሞ የአገሩ ልጅ ጉስታቭ ኢደን ሃዋይ ላይ የአይረንማን የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ያኔ ከጀርባቸው የነበረው ኦላቭ አሌክሳንደር ቡ ሙያው ምህንድስና ነው። ልጆቹ በልምምድ መሐል ጠብታ ደም እየሰጡ ላክቴት የሚባለው ነገር ይለካላቸዋል። ምን ለማድረግ? የበለጠ ለማባረር እንዳይመስላችሁ! ከሚገባው በላይ እንዳይሮጡ፣ ለመያዝ ነው። ልጓም ነው እንጂ አለንጋ አይደለም።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ።

እነሱ ሦስት ስፖርት ይዘው ለአንድ አሰልጣኝ አደሩ። እኛ ግን አንድ ስፖርት፣ ያውም ዓለም እጅ የነሣልንን ሩጫ ይዘን፣ ለሦስት ጌታ እንገዛለን! ልጅቷ ሱሉልታ ወይም ሰንዳፋ ላይ ጧት በብርድ ስትወጣ አንዱ ጌታ ክለቧ ነው፤ ደመወዝ ይከፍላታልና ለአገር ውስጥ ሻምፒዮና ይፈልጋታል። ሁለተኛው ጌታ ማናጀሩ ነው፤ ከምትሮጥበት ከተማ ሁሉ ፐርሰንቱን ይቆርጣልና በፀደይም በመከርም ጎዳና ላይ ይፈልጋታል። ሦስተኛው ጌታ ፌዴሬሽኑ ነው፤ ኦሎምፒክ ሲደርስ ‹‹ነይ ካምፕ ግቢ፣ ፕሮግራሙ ይኸው›› ይላታል። ገላዋ አንድ ነው ያለ ማነው? ‹‹ዛሬ ተኚ›› የሚላትስ የቱ ነው? አሰልጣኟ እንዳንል እሱም እንጀራው ከሦስቱ በአንዱ እጅ ነው። አንዳንዱ የክለብ ቅጥር ነው፤ አንዳንዱ የሚከፈለው በማናጀሩ በኩል ነው። ማናጀሩ የሚከፍለው አሰልጣኝ ‹‹ይህቺ ልጅ ደክማለች፣ ውድድሩ ይቅር›› ለማለት አፉ ይፈታል? ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ማለት ይኸው ነው።

ይኸ ሁሉ ነገር ኦሎምፒክ በመጣ ቁጥር ይፈነዳል። ‹‹ያዘጋጀኝ አሰልጣኝ አብሮኝ ካልሄደ›› የሚል አቤቱታ ሰምተን የለመድነው ነው። አራት ዓመት አብሯት ጭቃ የረገጠው ሰው አዲስ አበባ ተቀምጦ በቴሌቪዥን ያያታል፤ ሜዳው ዳር ሰዓት ይዞ የሚቆመው ደግሞ ቢሮው የወደደው ነው። ከቶኪዮው ጨዋታ በፊት ፌዴሬሽኑና ኦሎምፒክ ኮሚቴው በአደባባይ ሲነታረኩ አገር ሁሉ አይቷል። ውጤቱስ? በ2000 በሲድኒ አራት ወርቅ ያመጣች አገር በቶኪዮ አንድ፣ በ2024 በፓሪስም አንድ ወርቅ ይዛ ተመለሰች። ጥፋቱ ሁሉ የአሰልጣኝ ጉዳይ ነው ማለት ግፍ ነው፤ ዓለምም ፈጥኗል። ግን ጌታ የበዛበት ቤት ራት አይበስልም።

‹‹በድሮ ጊዜ ብሔራዊ ቡድን ያሰለጥን አልነበረም እንዴ? የግል አሰልጣኝ ማን ያውቅ ነበር?›› የሚል ወዳጅ ይኖራል። እውነት ነው። የክብር ዘበኛውን አበበ ቢቂላን ለ1960ው ሮምና ለ1964ቱ ቶኪዮ ያዘጋጀው ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ነበር። ኋላም ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ ደራርቱንም፣ ኃይሌንም፣ ቀነኒሳንም በአንድ ካምፕ ይዘው ዓለምን አስደነቁ። ነገር ግን አስተውሉ፤ ያኔም ቢሆን ጌታው አንድ ነበር! ዶክተሩ ቆጣ ሲሉ የሚሽራቸው አልነበረም። ዛሬ ገንዘቡ ጎዳና ላይ ነው፣ አትሌቱም በየማናጀሩ ተበትኗል። ያንን ዘመን በደብዳቤና በማኅተም መልሶ ማምጣት አይቻልም።

መሥሪያ ቤት መራጭም፣ አሰልጣኝም፣ ዳኛም ሲሆን ምን እንደሚመጣ ደግሞ በ2016 በሪዮ አይተናል። በ100 ሜትር ዋና ኢትዮጵያን የወከለው ሮቤል ኪሮስ 1 ደቂቃ ከ4.95 ሰከንድ ዋኝቶ፣ በርቀቱ ከተወዳደሩት ሁሉ የመጨረሻው ሆነ። የዋና ፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ማን ነበሩ? አባቱ! ልጁን መውቀስ አይደለም፤ ገንዳ ውስጥ የገባው ተልኮ ነው። ጥያቄው ሌላ ነው። ሌላ ዋናተኛ ‹‹እኔ እሻላለሁ›› ቢል አቤት የሚለው ለማን ነበር? በዚያው ዓመት ብስክሌተኛው ጽጋቡ ግርማይ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ ቱር ደ ፍራንስን ጀመረ። በየትኛው ቢሮ ተልኮ? ሰዓቱና እግሩ ታይቶ፣ በውጭ ቡድን ተቀጥሮ!

ታዲያ የግል አሰልጣኝ ሁሉ መልአክ ነው ወይ? ኧረ በጭራሽ! እዚያው ትራያትሎን ውስጥ ብሬት ሰተን የሚባል አውስትራሊያዊ አለ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ የነበረችው እንግሊዛዊቷ ክሪሲ ዌሊንግተን በእሱ እጅ በገባች በዓመቱ፣ በ2007፣ ሃዋይ ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች። ይኸው ሰው ግን በ1980ዎቹ በአንዲት ታዳጊ ዋናተኛ ላይ በፈጸመው ወሲባዊ ወንጀል በ1999 በአገሩ ፍርድ ቤት ጥፋተኛነቱን አምኗል። ከዚያስ? ወደ ሌላ አገር ተሻግሮ ማሰልጠኑን ቀጠለ! አሜሪካዊው አልቤርቶ ሳላዛርም በ2019 የዶፒንግ ደንብ በመጣሱ ለአራት ዓመት ታግዷል። ሜዳሊያ ያመጣ ሁሉ ምሥጢሩ አይጠየቅም ሲባል መጨረሻው እንዲህ ነው። እኛም ዘንድ ከገጠር የመጣች የ16 ዓመት ልጅ ቤቷም፣ ምግቧም፣ ፓስፖርቷም በአንድ ሰው እጅ ሲሆን፣ ያ ሰው ደግ ካልሆነ ማን ይደርስላታል? ለሦስት ጌታ መገዛት ክፉ ነው ያልነው፣ ጠያቂ ለሌለው ለአንድ ጌታ ትገዛ ለማለት አይደለም።

ቁም ነገሩ አንድ ነው፤ አሰልጣኙ የአትሌቱ ይሁን፣ አትሌቱም የመረጠውን ማሰናበት ይችል። አዳማ ተወልዳ ለሆላንድ የምትሮጠውን ሲፋን ሐሰንን ተመልከቱ። ትሠራበት የነበረውን ቡድን የሚመራው ሳላዛር ሲታገድ ሌላ አሰልጣኝ፣ ቲም ሮውበሪን፣ መርጣ ያዘች። በቶኪዮ ሁለት ወርቅና አንድ ነሐስ ወሰደች። በፓሪስ ደግሞ 5,000ውን እና 10,000ውን ሮጣ ሁለት ነሐስ ከያዘች በኋላ ማራቶኑን በወርቅ ዘጋች። ሁለተኛ የወጣችው ማን ናት? የኛዋ ትዕግሥት አሰፋ፣ በሦስት ሰከንድ! ትዕግሥትም ብትሆን የ800 ሜትር ሯጭ የነበረች፣ በአሰልጣኝ ገመዱ ደደፎ እጅ ማራቶን ገብታ በ2023 በርሊን ላይ 2:11:53 ሮጣ የዚያን ጊዜውን የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረች ናት። ‹‹አንቺ የ800 ሯጭ ነሽ›› የሚል መዝገብ ብቻ ቢፈርድባት ኖሮ ያቺን ሴት እናውቃት ነበር?

ስለዚህ ለሚመለከታችሁ ሁሉ፣ ጆሮ ካላችሁ፦

አንደኛ፤ አትሌቱ አሰልጣኙን የመምረጥም የመለወጥም መብቱ በጽሑፍ ይረጋገጥ። ውል ይኑር፤ ስንት እንደሚከፈልና ማን እንደሚከፍል ይታወቅ።

ሁለተኛ፤ ከማናጀር ፐርሰንት የሚቀበል ሰው አሰልጣኝ ነኝ አይበል። ደላላ ነው።

ሦስተኛ፤ የሚያሰለጥን ሁሉ ተምሮና ተመዝግቦ ፈቃድ ያውጣ። ልጃገረዶች ቢበደሉ ከፌዴሬሽኑም ከክለቡም ውጭ የሆነ የአቤቱታ በር ይከፈት።

አራተኛ፤ ብሔራዊ ካምፕ ይኑር፤ ሥራው ግን የአትሌቱን ፕሮግራም ማገዝ እንጂ በኦሎምፒክ ዋዜማ መቅደድ አይሁን። የኦሎምፒኩ መግቢያ ካርድም ለቢሮ ወዳጅ ሳይሆን ጭቃውን አብሮ ለረገጠው ይሰጥ።

ይኸ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። የሚጠይቀው ወንበሩ ላይ ያለው ሰው እጁን እንዲሰበስብ ብቻ ነው። እሱ ነው እንግዲህ ከአይረንማንም የከበደው!

ቸር ይግጠመን።