ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ፦ ግልጽ ደብዳቤ

ለሆስፒታሉ ዋና ሥራ አስኪያጅ

ክቡርነትዎ ጉዳዩን ከነፋይሉ ስለሚያውቁት ከመነሻው አልተርክም። ቤተሰቡ ሦስት ጊዜ በጽሑፍ አመልክቶ ያገኘው መልስ አንድ መስመር ነው፦ «ዕጢው ሊወጣ የሚችል ስለነበር ወጥቷል»። ለመልሱ እናመሰግናለን። በታማሚዋ ፈቃድ ያየሁት ፋይል ግን ሌላ ይናገራል። የፓቶሎጂ ውጤቱ «አንጂዮሳርኮማ» ብሎ የመጣው ማክሰኞ ነው፤ እርሷ ቀዶ ሕክምና ክፍል የገባችው ሐሙስ። በመካከሏ ባለችው ረቡዕ የካንሰር ሐኪም ፋይሉን ስለማየቱ አንድ ፊርማ የለም። ከ7 ዓመት በፊት ለጡት ካንሰር የወሰደችው ጨረር የተመዘገበበት ካርድ ከፋይሉ ጀርባ በአግራፍ ተያይዟል። በዚያው ቦታ የወጣው ሐምራዊ ቆዳ ለ4 ወራት «በለዝ ነው» እየተባለ ቅባት ሲታዘዝለት ኖሯል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የመጣው ወረቀት ደግሞ የተቆረጠው ቆዳ ጠርዝ ላይ ዕጢ መኖሩን ይመሰክራል። እንግዲህ «ወጥቷል» የተባለው ይህ ነው።

ይህ ዕጢ ከደም ሥር ግድግዳ የሚነሣ ሳርኮማ ነው፤ ከተለመደው የጡት ካንሰር ጋር የሚያገናኘው የበቀለበት ቦታ ብቻ ነው። ጨረር ባረፈበት ቆዳ እዚህም እዚያም ብቅ ስለሚል ዐይን ያየው ድንበር ብዙ ጊዜ እውነተኛው ድንበር አይሆንም፤ ተቆርጦ እዚያው መመለሱም የታወቀ ጠባዩ ነው። ለተስፋፋ ዕጢ ኬሞ ቀድሞ ከተሰጠና ዕጢው ከተኮማተረ፣ ሐኪሙ ንጹሕ ጠርዝ የማግኘት ዕድሉ ይሰፋል፤ መድኃኒቱ መሥራት አለመሥራቱም ዕጢው በቦታው ሳለ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው አንጂዮታክስ የተባለ የፈረንሳይ ጥናት ፓክሊታክሴል የተባለውን የኬሞ መድኃኒት በየሳምንቱ የወሰዱ 30 ታማሚዎችን ተከታትሏል። ከእነርሱ ውስጥ ዕጢው በጡት ላይ ተስፋፍቶባቸው የነበሩ ሦስት ታማሚዎች ቀንሶላቸው ለቀዶ ሕክምና በቁ፤ ከሁለቱ በተቆረጠው ሥጋ ውስጥም ሕያው ዕጢ አልተገኘም።

ሐኪሞችዎ ሦስት ሰው ማስረጃ አይሆንም፣ ሁለቱን መንገድ በዕጣ ከፍሎ ያወዳደረ ጥናት የለም ይሉኛል። ልክ ናቸው። በሽታው ጡታቸው በጨረር ከታከመ 1,000 ሴቶች አንዷን ያህል የሚይዝ በመሆኑ እንዲህ ያለ ጥናት መሥራቱ እጅግ ይከብዳል። ቀዶ ሕክምና ዋናው መድኃኒት መሆኑንም አልክድም፤ ሙግቴ ስለ ቅደም ተከተሉ ነው። ይበልጥ የሚከብደው ሌላው ተቃውሞ ነው፦ ኬሞው ካልሠራ ዕጢው እስኪጠበቅ ይዛመታል። ለዚህም ነው በጥቂት ሳምንታት ተለክቶ ካደገ ሳይውል ሳያድር ወደ ቢላዋ የሚኬደው። ትንሽና ድንበሩ የለየ ዕጢን ቀድሞ መቁረጥም ያስኬዳል። ኬሞ የግድ መሰጠት ነበረበት አላልኩም፤ የሚያስቆጣው ጥያቄው እንኳ አለመነሣቱ ነው። 4 ወር በቅባት የታገሠ ሆስፒታል ለአንድ የሐኪሞች ስብሰባ መታገሥ ምን አቃተው?

አንባቢ ይህን አይቶ ጨረርን እንዳይሸሽ አደራ፤ ከሚያመጣው ይልቅ የሚያድነው እጅግ ይበልጣል። ብቻ ጨረር የታከመች እናት ወይም እህት ካለቻችሁ፣ ከዓመታት በኋላም ቢሆን በዚያ ቆዳ ላይ ሳትመታ የበለዘ ቦታ ከታየ «ናሙና ይወሰድ» በሉ።

ቤተሰቡ መጀመሪያ የጠየቀው የረቡዕን ማብራሪያ ብቻ ነበር። አሁን ግን አይበቃም። ሳርኮማ የተባለን ዕጢ ሁሉ የቀዶ ሐኪም፣ የካንሰር ሐኪምና የፓቶሎጂ ባለሙያ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ሳይፈርሙበት ቢላዋ እንዳይነካው በጽሑፍ ይታዘዝልን። ጨረር ጨርሳ ለምትወጣ ሴት ሁሉ ምን መጠበቅ እንዳለባት በቋንቋዋ የተጻፈ ወረቀት ይሰጣት። ፓክሊታክሴል በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያለ ነውና ታማሚ «ከውጭ ግዢ» አትባል። ባለፉት 10 ዓመታት ጨረር ባረፈበት ቆዳ ላይ «በለዝ» የተባሉ ፋይሎች ሁሉ ተከፍተው ይመርመሩ፤ ውጤቱም ለሕዝብ ይነገር።

ለታማሚዋ የያዛችሁላት ሁለተኛ የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ የፊታችን ሐሙስ ነው። ይህ ደብዳቤ የሚደርስዎ ዓርብ ስለሆነ ረቡዕ ገና አላለፈም።

ከአክብሮት ጋር