ሐሰትም ክብደት አለው

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የሚገኘውን የረጲ የቆሻሻ ክምር፣ በተለምዶ ስሙ ቆሼን፣ የማያውቅ የአዲስ አበባ ተማሪ ጥቂት ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ100 በላይ ሰዎችን ሲገድል፣ «ጣልነው» ያልነው ነገር ከእኛ ርቆ እንዳልሄደ በመራራ መንገድ ተረዳን። በኢንተርኔት ስለሚነዛው ሐሰተኛ ወሬ ስናወራ ግን ይህን ትምህርት እንዘነጋለን። «አየር ላይ የዋለ ወሬ ነው፤ ሲሰረዝ ይጠፋል» እንላለን። ይህ አስተሳሰብ ስሕተት ነው።

ከፊዚክስ አንጻር ያለ ቁስ አካል የሚኖር መረጃ የለም። ሮልፍ ላንዳወር በ1961 እ.ኤ.አ. እንዳመለከተው አንዲት ቢት መረጃ መደምሰስ እንኳ ጉልበት ይጠይቃል፤ ዝቅተኛው መጠን በክፍል ሙቀት 3 × 10⁻²¹ ጁል ገደማ ነው። እጅግ ኢምንት ነው፤ ዜሮ ግን አይደለም። እውነትም ሆነ ሐሰት በዚያው መዳብና በዚያው ሲሊከን ይጓዛል። መሣሪያው አይለይልንም፤ መለየት የእኛ ድርሻ ነው።

ይህን ከስክሪኑ ጀርባ ያለ ዓለም አውጥቶ ካሳዩን መካከል ሠዓሊ ኤልያስ ስሜ አንዱ ነው። ከመርካቶ የሚያገኛቸውን የተጣሉ የኮምፒዩተር ሰሌዳዎችና ባለቀለም ሽቦዎች በእንጨት ገበታ ላይ እያቀናጀ ይሠራል። በ2016 ዓ.ም. በቬኒስ ያቀረበው ትርኢት «ፊት እና ጀርባ» የሚል ስያሜ ነበረው። ሥራዎቹ በቀጥታ ስለ ሐሰተኛ ወሬ የተሠሩ አይደሉም፤ ነገር ግን ከሩቅ መልክዓ ምድር የመሰለው ቀርበው ሲያዩት የሽቦ ጥልፍልፍ ሆኖ መገኘቱ ለዓይናችን ትልቅ ትምህርት ነው።

ጉዳዩ የውበት ብቻ አይደለም። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ፣ በፌስቡክ ስማቸውን የሚያጠፉ ጽሑፎች ከተሠራጩባቸው በኋላ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ተገደሉ። ልጃቸው በ2015 ዓ.ም. በኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በመሠረተው ክስ፣ ጽሑፎቹ እንዲነሡ ቤተሰቡ ቢያመለክትም ኩባንያው በጊዜው እንዳላነሣቸው ገልጿል። ፍርድ ቤቱም በ2017 ዓ.ም. ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው ወስኗል። ጽሑፍ ይሰረዛል፤ የጠፋ ሕይወት ግን አይመለስም።

ስለዚህ ለኮልፌ ትምህርት ቤቶች የሳይንስና የሥነ ጥበብ ክበባት አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ከአሮጌ ስልኮችና ሽቦዎች፣ ተመልካች እየዞረ የሚያየው ኢንስታሌሽን በጋራ ይሥሩ። በፊቱ በኢንተርኔት የተሠራጨ አንድ ወሬ ይጻፍ። በጀርባው በተርታ አምፖሎች ይተከሉ፦ መጀመሪያ ማን ጻፈው? ፎቶግራፉ መቼና የት ተነሣ? ሌላ ማን አረጋገጠው? መልስ የተገኘለት አምፖል ይብራ፤ ያልተገኘለት ጨለማ ሆኖ ይቅር።

በቤተ ሙከራ ምንጩና የስሕተት ወሰኑ ያልተገለጸ ልኬት ተቀባይነት የለውም። ለአንድ ፔንዱለም ይህን ያህል ከተጠነቀቅን፣ ለሰው ስምና ሕይወት እንዴት ያነሰ እንጠነቀቃለን? ተማሪዎች ሆይ፣ ወሬውን ለሌላ ከማሳለፋችሁ በፊት ጀርባውን ገልብጣችሁ ተመልከቱ።