ትዝታ አያስቅም

የጥንቱ የራዲዮ ኮሜዲ በተነሣ ቁጥር ከአንዳንድ ሐያስያን አንደበት የማይጠፋ አባባል አለ። ይኸውም «ሽማግሌዎች የሚስቁት ወጣትነታቸው ስለሚናፍቃቸው ነው እንጂ ቀልዱስ ከዘመኑ ጋር አልፏል» የሚል ነው። ለ«ድሮ ቀረ» ባዮች የትናንቱ ሁሉ ጣፋጭ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን በ1940ዎቹ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በአሜሪካ፣ በ1950ዎቹም በብሪታንያ በተሰራጨ ዝግጅት፣ ከዚያ ወዲህ የተወለደ የልጅ ልጅ ሲስቅ የሚናፍቀው የማንን ወጣትነት ነው? ትዝታ ያስተክዛል፤ ያላየውን ዘመን አስታውሶ የሚስቅ ግን የለም። ስለዚህ የሳቁን ምንጭ ሌላ ቦታ መፈለግ ግድ ይሆናል።

ከ1932 እስከ 1955 በአሜሪካ ራዲዮ የተሰማው የጃክ ቤኒ ዝግጅት መልሱን ይጠቁማል። በ1948 በተላለፈው አንድ ክፍል ወንበዴ ቤኒን አስቁሞ ገንዘቡን ወይም ሕይወቱን እንዲሰጥ ያዝዘዋል። ቤኒ ዝም ይላል። ዝምታው እየረዘመ ሲሄድ ታዳሚው በሳቅ ይፈነዳል። ወንበዴው ጥያቄውን ሲደግምበት፣ ገና እያሰበበት መሆኑን በቁጣ ይመልሳል። ሳቁ የጀመረው ከመልሱ በፊት መሆኑን ልብ ይሏል። ዝምታው ትርጉም ያገኘው ለዓመታት በትዕግሥት ከተገነባው የንፉጉ ሰው ገጸ ባሕርይ ነው። አድማጩ ይህን ሰው እንደ ጎረቤቱ ስለሚያውቀው፣ ያልተነገረውን ራሱ ይሞላዋል። ንፉግ ደግሞ ከየትኛውም አገርና ዘመን የጠፋ ሰው አይደለም።

«ፊበር ማጊና ሞሊ» በተባለው ዝግጅትም ከ1940 ጀምሮ ባለቤቱ ቁም ሣጥኑን በከፈተ ቁጥር የታጨቀው ዕቃ ሁሉ እየተንኳኳ ይወርዳል፤ በመጨረሻም አንዲት ትንሽ ደወል ታቃጭላለች። ቁም ሣጥኑን ያየ የለም። እያንዳንዱ አድማጭ ከራሱ ቤት ኮተት ሞልቶታል። በብሪታንያም ሬይ ጎልተንና አለን ሲምፕሰን በ1958 ለቶኒ ሃንኮክ በጻፉት የእሑድ ከሰዓት በኋላ ክፍል፣ ከመቃተት፣ ሰዓት ከመጠየቅና ዝም ከማለት በቀር ይህ ነው የሚባል ድርጊት የለም። ይሁንና ሥራ ፈትቶ ሰዓት የቆጠረ ሁሉ በዚያ ክፍል ውስጥ ራሱን ያገኛል። አድማጩን የሥራው ተካፋይ ያደረገ ጥበብ በቀላሉ አያረጅም።

ይህ ሲባል ግን ያረጀ ሁሉ ክቡር ነው ማለት አይደለም። በ1928 የተጀመረው «አሞስና አንዲ» ሚሊዮኖች የሚከታተሉት ዝግጅት ነበር፤ የጥቁር አሜሪካውያንን አነጋገር እያስመሰሉ የሚጫወቱት ግን ሁለት ነጮች ነበሩ። «ፒትስበርግ ኩሪየር» የተባለው የጥቁሮች ጋዜጣ ገና በ1931 የተቃውሞ ፊርማ ማሰባሰብ ጀምሮ ነበር። በአንጻሩ ጥቁሩ ተዋናይ ኤዲ አንደርሰን ከ1937 ጀምሮ በቤኒ ዝግጅት ሠርቷል። እርሱ የሚጫወተው አሽከሩ ሮቼስተርም መጀመሪያ ላይ ከዘር ቀልድ አላመለጠም ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ቤኒና ደራስያኑ ያን ዓይነቱን ቀልድ አስወገዱት። የቀረው ንፉግ ጌታውን በአንደበቱ የሚረታ አሽከር ነው፤ ዛሬም የሚያስቀው ይኸው ነው። ሕዝብን በመናቅ የተገኘ ሳቅ የተናቀው ሕዝብ መናገር ሲጀምር ያፍራል። የሰውን ድካም በማወቅ የተገኘ ሳቅ ግን ይሻገራል።

«ቀልዱ ከዘመኑ ጋር አልፏል» የሚለው አባባል የሐያስያን ስሕተት ብቻ ሆኖ ቢቀር ባልከፋ ነበር። ጉዳት ግን አድርሷል። ከሃንኮክ የራዲዮ ክፍሎች በርካታዎቹ ዛሬ የሉም፤ አንድ ጊዜ ከተሰሙ በኋላ ሊጠበቁ የሚገባቸው ሥራዎች ሆነው አልታዩምና። በአሜሪካ ከተረፉት ብዙዎቹ የተረፉት ባሕር ማዶ ላሉ ወታደሮች ተብለው በሸክላ ስለ ታተሙ ነው። ሳቅ ከትውልዱ ጋር ይሞታል ብሎ የሚያምን ሰው የቴፕ ክር ሲደመስስ እጁ አይንቀጠቀጥም።

እንግዲህ ለጆሮ የሚጽፍ ደራሲ ሁሉ ከእነዚህ ሥራዎች ሊቀስም የሚገባው ትምህርት ግልጽ ነው። ሰውን አጥንቶ ይጻፍ፤ በአድማጩም አእምሮ ይተማመን። የድምፅ መዛግብት ጠባቂዎችም ክሩን ከመደምሰሳቸው በፊት፣ ገና ያልተወለደው አድማጭም ድርሻ እንዳለው ያስቡ።