ሦስት አባት ያለው ልጅ

ከክርስቲያን ቤት የተወለደ ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ይጠመቃል። ከዚያን ቀን ጀምሮ አባቱ አንድ ብቻ አይደለም፤ የወለደው አባት አለ፤ ከጥምቀት ሲወጣ የተቀበለው የክርስትና አባት አለ፤ የቤተ ሰቡን ነፍስ የሚጠብቅ የንስሐ አባትም አለ። (ሴቲቱ በ80 ቀኗ ስትጠመቅ የክርስትና እናት ታገኛለች፤ ነገሩ ግን ለሁለቱም አንድ ነው።) ሦስት አባት ያለው ልጅ በሃይማኖት ነገር እንደ ሙት ልጅ ሆኖ ሲያድግ ማየት እጅግ ያሳዝናል። ወላጁ፦ ማስተማር የካህኑ ሥራ ነው ይላል። ካህኑ፦ ለዚሁ የቆመለት የክርስትና አባት አለው ይላል። የክርስትና አባቱም ድግሱን በልቶ ከሄደ ወዲህ የልጁን ስመ ክርስትና እንኳ ዘንግቶታል።

ይህ በየአገሩ ያለ ነገር ቢሆንም ቡና በሚበቅልበት አገር ይብሳል። በጅማ ከጊንጆ እስከ ሄርማታ ገበያ፣ ከዚያም ወዲያ በአጋሮና በሊሙ ገነት፣ ቡና በሚለቀምበት ወራት ነጋዴው አባት ከቤቱ ይልቅ በመጋዘንና በሚዛን አጠገብ ይውላል፤ ወደ ቤቱም የሚገባው ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው። ገንዘቡ ሲገባ ጫማና ደብተር ይገዛል፤ ይህንንም አባትነት ብሎ ይጠራዋል። ከትምህርት ቤት ሳያስቀር ልጁን ይዞ እሸት ቡና ሲለቅም የሚውለው ድኻ አባት ግን በዚህ ክስ አይገባም። አብረው ሲለቅሙ የሚጨዋወቱት ከብዙ ስብከት ይበልጣልና።

ይኸው ነጋዴ ስለ ቡና ቢጠየቅ ዐዋቂ ነው። ችግኝ ለጋ ሳለ ዳስ ተሠርቶለት ከፀሐይ እንደሚጠበቅ፣ ተክሉም በዋንዛና በብርብራ ጥላ ሥር እንደሚደላው፣ የመጀመሪያውን ፍሬ ለማየትም ሦስት አራት ዓመት መታገሥ እንደሚያስፈልግ ያውቃል። ለልጁ ግን አይታገሥም፤ ሳያስተምር ፍሬ ይጠይቃል፤ ፍሬውን ሲያጣም በትር ያነሣል።

በትሩን ሲያነሣም አባትንና እናትን ስለ ማክበር የተሰጠውን ትእዛዝ ይጠቅሳል። ሐዋርያው ጳውሎስ ግን ለኤፌሶን ሰዎች በጻፈው መልእክት በ6ኛው ምዕራፍ ስለ ልጆች መታዘዝ ከተናገረ በኋላ ወዲያው ፊቱን ወደ አባቶች መልሶ፣ ልጆቻቸውን እንዳያስመርሩ አዟል። የፊተኛው ትእዛዝ በዐውደ ምሕረት ዘወትር ሲሰማ የኋለኛው እምብዛም አይሰማም፤ ከሰሚዎቹ መካከል ለቤተ ክርስቲያን ገንዘብ የሚሰጡት አባቶች እንጂ ልጆች አይደሉምና።

ካህናትም ራሳቸው ዔሊን ያስቡ። የሐናን ልጅ ሳሙኤልን በመቅደስ በመልካም ያሳደገ እርሱ፣ የገዛ ልጆቹ አፍኒንና ፊንሐስ የመሥዋዕቱን ሥጋ ሲቀሙ ሰምቶ በቃል ገሠጻቸው እንጂ አልከለከላቸውም። ሁለቱ በአንድ ቀን ሞቱ፤ ታቦቱም ተማረከ።

ንባብ ያልተማረ አባት ልጁን ምን ያስተምራል የሚል ይኖራል። አቡነ ዘበሰማያትን ከልጅ ጋር ለመድገም ቅኔ ቤት መግባት አያሻም። ልጅ እግዚአብሔርን አባት ብሎ ሲጠራ የዚያን ስም ፍቺ የሚያገኘው በቤቱ ካየው ሰው ነው። በቤቱ ያየው ቍጣና የገንዘብ ቦርሳ ብቻ ከሆነ፣ ወደ ሰማይ ቀና ሲል ምን ይጠብቃል? በጅማ ዓርብ ቀን ሙስሊሙ ጎረቤት የልጁን እጅ ይዞ ወደ መስጊድ ሲሄድ ይታያል፤ ክርስቲያኑ ግን እሑድ ልጁን ወደ ሰንበት ትምህርት ቤት ልኮ እርሱ ይተኛል።

የንስሐ አባት በኑዛዜ ጊዜ ስለ ጾምና ስለ ዐሥራት ይጠይቃል። ባለፈው ሳምንት ከልጅህ ጋር ስንት ጊዜ ጸለይህ ብሎም ይጠይቅ። መልሱ ዝምታ ቢሆን ቀኖናው ስግደት አይሁን፤ በቡናው ወራት ጭምር ልጆች ሳይተኙ ቤት መግባት ይሁን።